ሙሽራውን ምን አከሳው?

ሱፍያን ሸይማን መጀመሪያ ባያት ቀን ሚዛን ላይ ቆመ።

ወዶ አልቆመም። ሲኤምሲ ያለው የልጁ ትምህርት ቤት «ወላጅ ይምጣ» ብሎ ጠራው። ላምበረት ያለውን የጎማ መሸጫ ሱቁን ዘግቶ፣ ደረጃውን እያለከለከ ወጥቶ የትምህርት ቤቱ ክሊኒክ በር ላይ ሲደርስ የስምንት ዓመቷ ሀጀር አድማ መትታ ጠበቀችው።

«አባዬ ካልተመዘነ እኔም አልመዘንም!»

አጠገቧ ነጭ ጋውን የለበሰች ነርስ ሳቋን ለመዋጥ ከንፈሯን ነክሳ ቆማለች።

«ሲስተር ሸይማ እባላለሁ» አለችው። «ምን ይደረግ? ልጅዎ ፈርዳለች።»

ወጣ። የሚዛኑ መርፌ ዞረ ዞረና መቶ ሃያ አንድ ኪሎ ላይ ቆመ።

«አባዬ አሸነፍክ!» አለች ሀጀር እያጨበጨበች።

ሱፍያን በሕይወቱ እንደዚያን ቀን አፍሮ አያውቅም። የላምበረት ጎረቤቶቹ ሆዱን መታ መታ እያደረጉ «ይሄኛው ጎማ ስንት ነው?» ሲሉት አብሯቸው የሚስቅ ሰው ነው። ቆንጆ ሴት ፊት ግን ነገሩ ሌላ ሆነበት። ሐፍረቱን ለመሸፈን ተቆጣ።

«ታዲያ ልጄ ምን ሆነች ነው የምትሉኝ? ደልቷት ነው! ጠግባ ማደሯ ወንጀል ሆነ?»

ሸይማ መጀመሪያ ሀጀርን ወደ ክፍሏ ሸኘቻት፤ ከዚያ ወንበር ሳበችለት።

«ልጅ ፊት ስለ ውፍረት አላወራም፤ ትሸማቀቃለች» አለችው። «ትናንት ሲሮጡ ትንፋሽ አጥሯት ቁጭ ብላ አለቀሰች። ልጆቹም ስም አውጥተውላታል። አልነገረችዎትም አይደል?»

አልነገረችውም። ሱፍያን ቁጣው ሁሉ እንደ ጉም በነነ።

«ምን ትወዳለች?» ስትል ጠየቀችው።

«ብስኩት» አለ። ድምፁ ወረደ። «እናቷ ከሞተች አራት ዓመት ሆነ። ‹እማዬስ?› ባለችኝ ቁጥር ምን ልበላት? ብስኩት እገዛላታለሁ። ለስላሳ እከፍትላታለሁ... ከዚያ ዝም ትላለች።»

ሸይማ ዓይኗ እርጥብ አለ። እንባዋን ለመደበቅ መዝገቡን ገለጠች።

«ከእንግዲህ እናቷን ስታነሳ በእግር እየሄዳችሁ ስለ እናቷ ያጫውቷት። ምግብ አይከልክሏት፤ ገና እያደገች ነው። ለስላሳውን በውሃ ይተኩላት፣ ስትጠግብ ደግሞ ‹ጨምሪ› አይበሏት። ግን ልጅ ምክር የሚሰማው በጆሮው አይደለም፣ በዓይኑ ነው። እርስዎ የማያደርጉትን እሷም አታደርገውም።»

ያን ማታ አባትና ልጅ ቃል ተገባቡ። «በቃኝ» ያለ ሰው ከዚያ በኋላ አንዲት ጉርሻ አይጨምርም። ማንም ቢለምን፣ ማንም ቢቆጣ!

ከቤታቸው እስከ ትምህርት ቤቱ ሁለት ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ግን በመኪና ነበር የሚሄዱት። በማግስቱ በእግር ወጡ። ሱፍያን መጀመሪያ ሳምንት በየመብራት ምሰሶው እየተደገፈ ነው የደረሰው። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ሸይማም በዚያው መንገድ እንደምትሄድ አወቀ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ደግሞ ስንት ሰዓት ከቤቷ እንደምትወጣ አወቀ።

«አባዬ» አለችው ሀጀር አንድ ቀን፣ «ሲስተር ሸይማ ስትኖር ትፈጥናለህ። ስትቀር ይደክምሃል። ለምንድን ነው?»

«ዝም ብለሽ ተራመጂ!»

አሥር ወር ሄዱ። ሀጀር ቁመቷ ተመዘዘ፤ በሩጫ መጨረሻ መውጣቷ ቀረ። ሱፍያን ሃያ አምስት ኪሎ ቀነሰ፤ ሱሪዎቹን ሁሉ አስጠበበ። «እርስዎ» ቀርቶ «አንተ» ከመጣም ሰነባብቷል። አንድ ጠዋት ሀጀር ወደ ክፍሏ እንደገባች በሩ ላይ ቆሞ ተንተባተበ።

«ሸይማ... አንቺ ያልመጣሽ ቀን መንገዱ ይረዝምብኛል።»

ሸይማ መሬት መሬት እያየች ፈገግ አለች።

«ታዲያ ሽማግሌ መላክ ሲገባህ ለእኔ ምን ትነግረኛለህ?»

አጎቱን ጋሽ ዓብዱን ሽማግሌ አድርጎ ላከ። የሸይማ እናት እማማ ሰኪና ከወሎ መጥተው ሲኤምሲ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ፣ እጃቸው የማይነጥፍ ሴት ናቸው። እንደ ወጉ «እናጣራና እንመልሳለን» ብለው ለጁምዓ ቀጠሩ። ከዚያ በፊት ግን ሰውየውን በዓይናቸው ሊያዩት ከነልጁ ምሳ ጠሩት።

ምሳውማ ምሳ ነበር! ሱፍያን ደስ ብሎት በላ፣ አመሰገነ። «አልሐምዱሊላህ፣ በቃኝ» አለ። ሀጀርም «በቃኝ» ብላ እጇን ሰበሰበች። ያኔ እማማ ሰኪና ጡጫ የሚያህል ጉርሻ ጠቅልለው ወደ አፉ ዘረጉ።

«በሞቴ! አፈር ስሆን!»

ሱፍያን አፉን ሊከፍት ሲል ሀጀርን አያት። ልጅቷ ዓይኗን ሳትነቅል ታየዋለች። አሥር ወር ሙሉ ያመነችው አባቷ ምን እንደሚያደርግ ልታይ ነው።

«እማማ፣ እጅዎን አላህ ይባርከው» አለ በቀስታ። «በእውነት በቃኝ።»

እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ጉርሻው ወደ ትሪው ተመለሰ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላል፤ ያልተጎረሰ እንደሚብስ ሱፍያን ያን ቀን ተማረ። ሸይማን ሲያያት አንገቷን ደፍታለች። አፍራብኛለች ብሎ አሰበ።

ጁምዓ ዕለት ጋሽ ዓብዱ ከቀጠሮው ሲመለሱ ፊታቸው ጠቁሯል።

«ሴትዮዋ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? ‹ሰውየው ታሟል› አሉኝ!»

«ማን? እኔ?»

«‹ጤነኛ ሰው ጉርሻ ይመልሳል? ልጄን ለሐዘን አልድርም› አሉ። ላምበረትም ሰው ልከው አስጠይቀዋል። ጎረቤትህ ሰዲቅ፣ ‹ጨዋ ሰው ነው፤ ግን ምን እንደያዘው እንጃ፣ በዓመት ውስጥ አለቀ እኮ!› ብሎላቸዋል።»

ሱፍያን መጀመሪያ ሳቀ። ሰው ሲያምርበት «ወፈረ»፣ ሲከፋው «ከሳ» በሚባልበት አገር ጤና አግኝቶ በበሽታ ተጠረጠረ! ከዚያ ሳቁ ደረቀ።

«ሸይማስ ምን አለች?»

«ድምጿን አልሰማሁም።»

ይቺ ቃል አንጀቱን ቆረጠችው። እንዴት እንደቀነሰ እንደ ሸይማ የሚያውቅ ማን አለ? እሷ ዝም ካለች... እሷም ተጠራጥራለች ማለት ነው። ስልኳን አላነሳ አለ። ሀጀርንም እንደገና በመኪና ማድረስ ጀመረ።

በሳምንቱ ሐሙስ ሀጀር የኋላ ወንበር ላይ ሆና ማልቀስ ጀመረች።

«ከሲስተር ሸይማ ጋር የተጣላችሁት በእኔ ምክንያት ነው? ‹በቃኝ› ስላልን ነው? ካስፈለገ እበላለሁ አባዬ!»

ሱፍያን መኪናውን ዳር አስይዞ አቀፋት። ያን ቀን ሄዶ ተመረመረ፤ ቅዳሜ ጠዋት ውጤቱን ኪሱ ከቶ፣ ልጁን ይዞ ወደ እማማ ሰኪና ቤት ሄደ። አንድ ጊዜ ብቻ እውነቱን ተናግሮ ሊሰናበታቸው ነበር ሐሳቡ።

ሰፈሩ ውስጥ ውሃ ከጠፋ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። የውሃ ቦቴ ሕንፃው ሥር ቆሟል፤ እማማ ሰኪናም ስድስት ጀሪካን ሞልተው የሚያወጣላቸው ሰው አጥተው ቆመዋል። ሱፍያን ኩርፊያውን ረሳ። በግራና በቀኝ ሁለት ጀሪካን አንጠልጥሎ አራተኛ ፎቅ ወጣ። ወረደ። ደግሞ ወጣ። ሦስተኛውን ዙር ሲጨርስ እማማ ሰኪና ባዶ እጃቸውን ወጥተው፣ በራቸው ላይ ግድግዳ ተደግፈው እያለከለኩ ያዩታል።

«አንተ ልጅ... አይደክምህም?»

«ድሮ ቢሆን ሁለተኛ ፎቅ ላይ አምቡላንስ ያስፈልገኝ ነበር እማማ።»

ወረቀቱን አውጥቶ ሰጣቸው። ገለባብጠው መለሱለት።

«መነጽሬን የት አውቄው። አልታመምክም?»

«አልታመምኩም።»

«ታዲያ ጉርሻዬን ለምን መለስክ? ንቀኸኝ ነው?»

ሱፍያን ልጁን አየና ወረቀቱን ወደ ኪሱ መለሰ። ሀጀር ግን ወደ ፊት ወጣች።

«በእኔ ምክንያት ነው። ትምህርት ቤት ‹ቦንቦሊኖ› ይሉኝ ነበር። አባዬ ‹በቃኝ ካልሽ ማንም አይጨምርብሽም፤ እኔም በቃኝ ካልኩ አልጨምርም› አለኝ። እርስዎ ሲያጎርሱት ቃሉን ያፈርሳል ብዬ ፈርቼ ነበር። አላፈረሰም።»

እማማ ሰኪና ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ።

«እኔ አፈር ልብላ! ለልጁ በገባው ቃል የታመነውን ሰው ነው በሽተኛ ያልኩት?»

ያኔ ሸይማ ከጓዳ ወጣች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ለምን አልነገርሻቸውም?» አላት ሱፍያን ቀስ ብሎ። «አንቺም የጠረጠርሽኝ መስሎኝ...»

«ሽማግሌ ፊት ወጥቼ ልከራከር? ጓዳ ሆኜ እያለቀስኩ ነበር። እማዬ ‹በምን ከሳ?› ስትለኝስ ምን ልበላት? ያንተን ስናገር የሀጀርን መናገር ሊሆንብኝ ነው። ሕፃን ልጅ በሰው አፍ እንድትገባ አልፈለግሁም።»

«ምሳ ላይ ግን አንገትሽን ደፋሽ።»

«እንባዬን እንዳታይ ነው! ያን ቀን ነው እኮ... ያን ቀን ነው ከዚህ ሰው ሌላ አላገባም ያልኩት።»

እማማ ሰኪና ያልሰሙ ለመምሰል ጀሪካኖቹን ይቆጥራሉ።

«ለዓብዱ ንገረው» አሉ ዞር ሳይሉ። «ለፊታችን ጁምዓ ይመለስ። መልሱን ያውቀዋል።»

ሸይማ እስከ ሕንፃው በር ሸኘቻቸው። ሀጀር ቀድማ ሮጠች፤ ሁለቱ ደረጃው ላይ ቀሩ።

«አምስት ቀን ያን መንገድ ብቻዬን ሄድኩት» አለችው። «በየመታጠፊያው ቆሜ እየጠበቅሁህ። ሁለተኛ ብቻዬን እንዳታስኬደኝ!»

«ወላሂ፣ አላስኬድሽም።»

ኒካሁ በወሩ ታሰረ። ከሠርጉ በኋላ በነበረው ሰኞ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ሦስቱ ከአንድ በር አብረው ወጡ።