ነጠላ ቋጠሮ

እናቷ «ከማርቢያው መረብ አንዲትም ዓሣ አላመለጠችም» ትላለች። አያቷ ደግሞ «ወንዛችን ዳነ፣ ዓሣዎቹ ተመለሱ» ይላሉ። ሚጢጢ ሁለቱንም ትወዳለች፤ ሁለቱንም ግን ማመን አልቻለችም።

አሁን አያቷ እስከ ጉልበታቸው ወንዙ ውስጥ ገብተው አንዲት ትልቅ ዓሣ በሁለት እጃቸው አቅፈዋል። እናቷ የሥራ ልብሷንና የጎማ ጫማዋን እንዳደረገች ዳር ላይ ቆማለች።

«ሰባት ዓመት!» አሉ አያቷ። «ሰባት ዓመት ሙሉ ሰዉ ‹ሽማግሌው ውሃ ያጠምዳል› እያለ ሲስቅብኝ! ነይ እስቲ ሚጢጢ፣ ሆዷን ንኪ። እንቁላል በእንቁላል ሆናለች።»

ሚጢጢ ነካች። የዓሣዋ ሆድ ተወጥሯል።

አያቷ የወቅቱን የመጀመሪያ ዓሣ አይበሉም፣ አይሸጡም። ከአባታቸው እንዳዩት ከፏፏቴው በላይ ተሸክመው ይወስዱና እንድትወልድ ይለቋታል።

የሚጢጢ ዓይን ግን ጭራዋ ላይ ነበር። የወንዝ ዓሣ ጭራ ጫፉ ሹል ነው። የዚህችኛዋ ተፍቆ ዶልዱሟል፤ ዕድሜዋን ሙሉ ከመረብ ጋር ስትታሽ የኖረች ዓሣ ጭራ ነው። የአያቷን ዓይን ሞራ ጋርዶታል፤ አላዩም።

የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ፣ ሚጢጢ እናቷ የምትሠራበት፣ ወንዙ ውስጥ በመረብ የታጠረ የዓሣ ማርቢያ ሄዳ ነበር። እናቷ የተቀደደ መረብ ሰጥታት «ድርብ ቋጠሮ ነው፣ እሺ? ነጠላው ውሃ ውስጥ ይንሸራተታል» አለቻት። ጣቶቿ በብርድ ደንዝዘዋል። ጓደኞቿ ከዳር ሆነው «ነይ እንጂ፣ አታካብጂ!» እያሉ ይጮሃሉ። የመጨረሻዎቹን ቋጠሮዎች ነጠላ አድርጋ ሮጠች።

ሰኞ ጠዋት መረቡ እንደ በር ተከፍቶ ተገኘ። እናቷ ማንም ሳያይ ሰፋችው። ለኃላፊው «አንዲትም አላመለጠችም» አለችው። ቢያውቅ ሥራዋ ያበቃል። ስለ ነጠላው ቋጠሮ ግን ለሚጢጢ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ብትቆጣት ይሻል ነበር።

በዚያው ሳምንት የባዮሎጂ አስተማሪያቸው ስለ ዝርያ አስተማሩ። «የማርቢያ ዓሣ የተመረጠው ቶሎ እንዲወፍር ነው፤ ጎርፍ እንዲቋቋም አይደለም። ከወንዙ ዓሣ ጋር ከተዳቀለ፣ ጫጩቶቹ ወንዙን አይችሉትም። ቀስ በቀስ የወንዙ ዘር ይጠፋል። የማርቢያ ዓሣዎች እንዳመለጡ ከመውለዳቸው በፊት ከታወቀ ግን እየለዩ ማጥመድ ይቻላል።» ሁልጊዜ እጇን የምታወጣው ሚጢጢ ያን ቀን አንገቷን ደፍታ ዋለች።

አያቷ ዓሣዋን እንዳቀፉ ወደ ፏፏቴው መራመድ ጀመሩ። እናቷ ሚጢጢን አየቻትና በቀስታ ራሷን ነቀነቀች። *ተይ።*

«አባባ፣ አይልቀቋት!»

ቆሙ። «ምን አልሽ?»

«የወንዝ ዓሣ አይደለችም። ከማርቢያው ያመለጠች ናት። ጭራዋን ይዳብሱት።»

አያቷ አውራ ጣታቸውን በጭራዋ ጫፍ ላይ አስኬዱ። መልሰው ደግሞ አስኬዱ። ፊታቸው ላይ የነበረው ሳቅ ወዲያው አልጠፋም፤ መሄጃ እንዳጣ እንግዳ ትንሽ ቆየ።

«ከፏፏቴው ሥር ሲንቦጫረቁ የምሰማቸውስ?»

ሚጢጢ እናቷን አየቻት።

አያቷ ወደ እናቷ ዞሩ። «ልጄ?»

«አባዬ...» አለች እናቷ።

ዓሣዋ ተወራጨች። አያቷ ወደ ደረታቸው አስጠጓት፤ አሁንም እንዳትጎዳ የሚጠነቀቁ ይመስሉ ነበር። ሚጢጢ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገችና ወደ እናቷ ሄዳ አጠገቧ ቆመች።

«እማ፣ ዛሬ አብሬሽ ሥራ እመጣለሁ» አለች። «ዓሣዎቹ እንዳመለጡ፣ ቋጠሮውም የእኔ እንደሆነ፣ ለኃላፊው እኔው ራሴ እነግረዋለሁ።»