ዝቅ ያለው የጋራዥ በር

«መኪናዬ ታለቅሳለች» አለ ሰውየው።

ማርሊስ ከመኪና ስር ተንሸራትታ ወጣች። ፊቷ ግሪስ፣ ፀጉሯ ብትንትን! ቀና ብላ ስታይ፣ አንድ ረጅም ሰው ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ቆሟል።

«ታዲያ እኔ እሹሩሩ ልበላት?»

ሰውየው ሳቀ። ሳቁ ውስጥ ድካም ነበር። የማርሊስን ልብ የያዘውም እሱው ድካም ነው... ያኔ ግን አላወቀችውም።

ስሙ ዌንዴል ነው። ከሱፒሪየር ሐይቅ ዳር፣ ከወደቡ መንደር ነው የመጣው።

«ፍጥነት ስጨምር እንደ ፉጨት ያለ ቀጭን ድምፅ ታሰማለች። የበረዶው ክረምት ሳይገባ ረጅም መንገድ አለብኝ።»

የኅዳር ወር ነው፤ ወንድ ሁሉ አጋዘን አደን የሚወጣበት። አደን መስሏት ወዴት እንደሆነ አልጠየቀችም።

«አንተ ንዳ፣ እኔ ላድምጥ። ሁለቱን አንድ ሰው አይችለውም።»

ዓይኗን ጨፍና አደመጠች። ሐይቁን ታክከው ሄዱ፣ ተመለሱ። ምንም የለም! በሳምንቱ መጣ፤ አሁንም ምንም። ድምፅ እየጠበቁ ግን ወሬ አወሩ። ከሚስቱ ከተለያየ ሁለት ዓመቱ ነው። ልጁ ጁኒ ከእናቷ ጋር ዱሉዝ ከተማ ትኖራለች። በስጋና በድንች የተሞላውን ፓስቲ ለሁለት ገምሶ፣ ትልቁን ግማሽ ለማርሊስ ሰጣት። ሰው ትልቁን ግማሽ ሲሰጣት የመጀመሪያዋ ነበር።

የጋራዡ ምድጃ ጥግ ተቀምጠው የሚውሉት ሽማግሌው አርቮ ዝም አላሉም።

«አንቺ ልጅ! ያልታመመች መኪና በየሳምንቱ ሐኪም ቤት የምትመላለሰው ለሐኪሟ ብላ ነው።»

«ጋሽ አርቮ፣ ቡናዎ ሳይቀዘቅዝ ይጠጡ!»

አፏ እንዲህ ይበል እንጂ ቃሉ ልቧ ውስጥ ገብቶ አደረ። እውነትም ድምፅ የለ! ታዲያ ለምን ይመጣል? ለእሷ ካልሆነ ለማን?

በሦስተኛው ሳምንት ጥፍሯን እስኪቀላ ፈትጋ ታጠበች። የእህቷን ቀይ ካፖርት ለበሰች።

«ቱታሽ የታለ? መኪና ነው የምትፈትሺው ወይስ ሚዜ ሆነሽ ነው?» አሉ አርቮ።

ዌንዴል ወደ ውስጥ አልገባም፤ ደጅ ቆሞ ክላክስ ነፋ። እሷ እሱን እንጂ መኪናውን አላየችም። ሮጣ ገባች።

የጥድ ጫካውን እንዳለፉ ትንፋሿን ሰበሰበች።

«ዌንዴል፣ ድምፅ የለም። አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ። እኔን ለማየት ከሆነ የምትመጣው... ደስ ይለኛል። በጣም ደስ ይለኛል! ስለዚህ በመኪናዋ አናሳብብ፤ ያሰብከውን ንገረኝ።»

ዌንዴል ሊመልስ አፉን ከፈተ። መኪናዋም ፍጥነት ጨምራ ነበርና፣ በዚያችው ቅጽበት...

ፉጨት! ቀጭን፣ ረጅም፣ ጥርስ የሚያም ፉጨት።

«ይኸው! ይኸው እሱ ነው!» አለ፤ ወዲያው በተናገረው አፈረ።

የማርሊስ ፊት ከካፖርቷ በላይ ቀላ። ድምፁ እውነት ነው! መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ግን ኩሩ ናት፤ ኩሩ ሰው ሲያፍር ሥራውን ይሠራል።

«እግርህን ከነዳጁ አንሳ።»

አነሳ። ፉጨቱ አልተለወጠም።

«ሞተሩ አይደለም። ማርሹን አውጣ።»

አወጣ። ያው ነው።

«ማርሹም አይደለም። ወደ ግራ... ወደ ቀኝ ዘንበል አድርጋት። የጎማው ኩሽኔታም አይደለም።»

መስኮቱን ከፈተች። የሐይቁ ብርድ ፊቷን በጥፊ መታት። ክንዷን ወደ ላይ ሰድዳ የጣሪያውን ብረት ጨበጠች። ፉጨቱ ጸጥ አለ። ለቀቀችው፤ ጮኸ።

«ጣሪያው ላይ ያለው የእቃ መጫኛ፣ ፖርቶመጋላው ነው» አለች። «ነፋሱ ነው የሚያፏጭበት። ከዚህ በፊት የት ነበር ይሄ?»

«የጋራዥሽ በር ዝቅ ያለ ነው። ወደ አንቺ በመጣሁ ቁጥር እንዳልመታብሽ እየፈታሁት ነበር።»

«ዛሬስ?»

ዓይኑን መንገዱ ላይ ተከለ።

«ዛሬ እቃዬን ስለምጭንበት አልፈታሁትም። ወደ ዱሉዝ፣ ወደ ጁኒ ልመለስ ነው። ከእናቷ ጋር እንደገና ልንሞክር... አንቺን ሳላውቅሽ በፊት ለልጄ ቃል ገብቻለሁ።»

«አቁም» አለች።

የመንገዱ ዳር ላይ አቆመ። ከኋላ ወንበሩ ገመድ አነሳች። ወርዳ፣ ነፋሱ እንዳያፏጭበት የፊተኛውን ብረት እንደ እባብ ጠመዝማዛ አድርጋ ጠመጠመችው፤ ኋለኛውንም እንዲሁ። ጣቶቿ በብርዱ ደነዘዙ። እሱ ሊያግዛት ሲጠጋ «ዞር በል!» አለችው።

«ማርሊስ... ከቤቴ አጠገብ ሌላ ጋራዥ አለ። ሦስት ጊዜም አልፌው ነው የመጣሁት።»

እጇ ገመዱ ላይ ቆመ።

«ይህን ባትነግረኝ ይሻል ነበር።»

«አትሂድ በይኝ። አንዴ ብቻ!»

«እችላለሁ» አለች፤ ገመዱን መሳብ ቀጠለች። «ግን አንዲት ልጅ መስኮት ላይ ቆማ አባቷን እየጠበቀች፣ እኔ መንገድ አልዘጋም። ብዘጋውም የምወድህ አንተ አትሆንም፤ ቃሉን ያጠፈ ሰው ትሆናለህ።»

የመጨረሻውን ቋጠሮ በጥርሷ አጠበቀችው።

«ላድርስሽ።»

«እግር አለኝ። ሂድ... ሂድ እንጂ!»

ሄደ። ማርሊስ እንደ ልማዷ ዓይኗን ጨፍና አደመጠች። አሳምራ ጠግናዋለች፤ ምንም አይሰማም። ባትጠግነው ኖሮ ቢያንስ እስከ ኩርባው ድረስ ትሰማው ነበር።

ጋራዥ ስትደርስ አርቮ ቀና አሉ።

«አገኘሽው?»

«አገኘሁት።»

«ምን ኖሯል?»

«ነፋስ ነው፣ ጋሽ አርቮ። ነፋስ!»

ሽማግሌው አፋቸውን ለቀልድ ከፍተው ነበር፤ ዓይኗን ሲያዩ መልሰው ዘጉት። ቀይ ካፖርቱን ሰቀለች። ቱታዋን ለበሰችና መኪና ስር ተንሸራትታ ገባች። እዚያ የማንም ፊት አይታይም።