ልባሱ ብቻ የተበላ ኬክ

አቶ ሳህሉ ጀርመን አገር፣ ሆኽስት በሚገኘው ቤታቸው፣ ኬክ በቀረበበት ጠረጴዛ ፊት እንደተቀመጡ ሞቱ። ጊዜው መጋቢት 1994 እ.ኤ.አ.፣ የዐቢይ ጾም ዓርብ ነበር። ካንሰሩ ለወራት ስላሠቃያቸው ማንም አልደነገጠም። አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ግን ሆዳቸው ውስጥ ከክሬም ጋር የተቀላቀለ ብዙ ሞርፊን አገኘ። ኬኩን የጋገረችውም፣ የሞርፊን ማስታገሻ ክኒናቸውን የምትሰጣቸውም አስታማሚያቸው ሰሎሜ ነበረች።

ሰኞ ዕለት የፖሊስ ኮሚሳሩ ሊያስራት ሲመጣ ለተገብርኤል የምትባል ሴት ለአስተርጓሚነት ይዞ መጣ። እሷ ግን ከመተርጎሟ በፊት ሟቹ ፊት የተገኘውን ሳህን ፎቶግራፍ ተቀበለችው።

«ምን ዓይነት ኬክ ነው?»

«የልዕልት ኬክ ይባላል፤ ስዊድን ዳቦ ቤት ስሠራ የተማርኩት ነው። ውስጡ ስፖንጅና ክሬም፣ አረንጓዴው ልባስ ማርዚፓን» አለች ሰሎሜ። «እትዬ፣ ነገ የጥገኝነት ጉዳዬ የሚታይበት ቴርሚን፣ ቀጠሮ አለኝ። ካሰሩኝ አለቀልኝ።»

«ማርዚፓኑስ ከምንድን ነው?»

«ከለውዝና ከስኳር ብቻ።»

የሟቹ ታናሽ ወንድም አሰግድ ጣልቃ ገባ። «እኔ ሁለት ቁራሽ በልቼ ይኸው ቆሜአለሁ! ወንድሜም እንደኔና እንደ ሰሎሜ ጴንጤ ነው፤ ክሬም የሚከለክለው ቄስ አልነበረውም።»

«ሳህኖቹን ማን አነሳ?»

«እትዬ ኣበባ፣ ሚስቱ። እሱ የተኛ መስሎን እኔና ሰሎሜ በረንዳ ወጣን።»

ለተገብርኤል ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበች።

«እዚህ ሳህን ላይ ማርዚፓኑ ተልጦ ተበልቷል፤ ክሬሙ አልተነካም። አቶ ሳህሉ ግን ክሬም በልተዋል። ስለዚህ ሳህኑ የእሳቸው አይደለም፤ የጿሚ ሰው ነው። የእሳቸው ሳህን መድኃኒቱ እንዳይገኝበት ታጥቦ በቦታው ይህ ተተክቷል። ይህን ያደረገው ሳህኖቹን ያነሳ ሰው ነው። እዚህ ቤት የሚጾመውም አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ወይዘሮ ኣበባ አላስተባበሉም።

«ክኒኑን የዋጠ እየመሰለ ራሱ ነው ያጠራቀመው። ገላግይኝ ብሎ አንድ ወር ለመነኝ። ፈጭቼ ክሬሙ ውስጥ አደረግሁለት።»

«ሰሎሜን ሊያስሯት ሲሉ ለምን ዝም አሉ?»

«ፈራሁ።»

አሰግድ ከወንበሩ ተነሳ። «እትዬ፣ ሰው ሲገድሉ ጾሙን ምነው አልገደፉትም?»

«አንዱን ኃጢአት ስለ እሱ ሠራሁት» አሉ ኣበባ። «ሌላውን ስለ ማን ብዬ ልሥራው?»

ኮሚሳሩ ምን እንዳሉ ጠየቀ፤ ለተገብርኤል ቃል በቃል ተረጎመችለት። ሰሎሜ የኣበባን ካፖርት አምጥታ አለበሰቻቸው። አዝራሩን ስትቆልፍላቸው እጇን ያዟት።

«ነገ እንዳይረፍድብሽ» አሏት።