ዝናብ ያልነካት መኪና

የአቶ ሣህሌን አስከሬን ያገኙት ወይዘሮ አገርነሽ ናቸው። ዓርብ ጠዋት እንጦጦ ኪዳነ ምሕረትን ተሳልመው የንብ ቀፎዎቻቸውን ለማየት ሲወርዱ፣ ከመኪናው መንገድ በታች ባሕር ዛፍ ሥር በግንባሩ የተደፋ ሰው አዩ። መጀመሪያ የሰከረ መሰላቸው። ጠጋ ብለው ሲያዩት ግን ትናንት ከእሳቸው ሰም ገዝቶ የሄደው ደንበኛቸው ነው። ጩኸታቸው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተሰማ።

ወሬው ኮተቤ ደርሶ አቶ ሣህሌ መኪና የሚያጥቡበትና የሚወለውሉበት ግቢ ሲገባ፣ ሐመልማል የያዘችው ጨርቅ ከእጇ ወደቀ። አሥራ አንድ ዓመት ሙያ ያስተማሯት፣ «ጋሼ» የምትላቸው ሰው ሞቱ። ማልቀስ ነበረባት፤ እንባዋ ግን እምቢ አለ። ምክንያቱም ነአምን፣ የአቶ ሣህሌ ሸሪክ፣ ወዲያው ክንዷን ይዞ ወደ ውሃ ታንከሩ ጀርባ ወሰዳት።

«ፖሊስ መምጣቱ አይቀርም» አላት። «ትናንት ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት የት ነበርሽ?»

«ቀበና። ሥራ ልጠይቅ ሄጄ ግቢው ዝግ ነበር፤ ነግሬህ የለ?»

«ማን አየሽ?»

«ማንም።»

«እንግዲያው አልወጣሽም። ሁለታችንም እዚሁ ነበርን። ላንቺው ብዬ ነው።»

ሐመልማል ራሷን ነቀነቀች። በዚያች ሰዓት ነአምን ደግ ሰው መስሎ ታያት።

ኢንስፔክተር መቅደላዊት ከቀትር በፊት ደረሰች። ወፍራም ሹራብ የደረበች፣ አጠር ያለች ሴት ናት። ሰው ሲያወራ አታቋርጥም፤ ይህ ጠባይዋ ከጩኸት ይልቅ ያስፈራል።

«አላዳለጣቸውም» አለች። «የጃኬታቸው ኮሌታ ተቀዷል፣ የጃኬቱ ቁልፍ ደግሞ ተበጥሶ መንገዱ ዳር ተገኝቷል። አንቆ የያዛቸው ሰው ነበር። ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንጦጦ ላይ ዘንቧል። ከሥራቸው ያለው ቅጠል ረጥቧል፤ ስለዚህ የወደቁት ዝናቡ ከጀመረ በኋላ ነው። እዚህስ ዘንቦ ነበር?»

«ኮተቤ ጠብታ አልወረደም» አለ ነአምን። «አቧራውን አያዩትም?»

«በዚያ ሰዓት የት ነበራችሁ?»

«እዚሁ፣ እኔና ሐመልማል። ቀኑን ሙሉ።»

ኢንስፔክተሯ ዓይኗን ወደ ሐመልማል መለሰች። «አዎ» አለች ሐመልማል፤ ድምፅዋ የራሷ አልመስል አላት።

በረንዳው ሥር በሸራ የተሸፈነች ጥቁር መኪና ቆማለች። ባለቤቷ ከድር የሚባል የባንክ ሠራተኛ ነው፤ ሊወስዳት መጥቶ ሐዘን ላይ ደረሰ። ኢንስፔክተሯ ስትጠይቀው ፈራ ተባ እያለ ተናገረ።

«ሐሙስ ጠዋት ነው ያመጣኋት። ጋሽ ሣህሌ የንብ ሰም ይሻላታል አሉኝ። ነአምን ደግሞ ሲላንት የሚባለው የፋብሪካ ቅባት ይሻላል አለ። ግራ ገባኝ። በኋላ ዓመት ይቆያል ሲለኝ ሲላንቱን መረጥኩ። ሽማግሌው በጣም ተቆጡ። ‹በኔ ስም ይህን መቀባት በቃ! ከእንጦጦ ስመለስ እንለያያለን› አሉት።»

«የንዴት ወሬ ነው» አለ ነአምን ፈጠን ብሎ። «ሁሌም እንዲህ ነበሩ።»

«ለመሆኑ ልዩነታቸው ምንድን ነው?» አለች ኢንስፔክተሯ። «እኔ እንኳን ሰምና ሲላንት፣ መኪናም የለኝ።»

ነአምን ስለ ሥራው ሲጠየቅ ፊቱ ይፈካል። «ሰምን ቀብተው ወዲያው ይወለውሉታል። በዚያው ቅጽበት ቢዘንብ እንኳ ውሃው ተንከባሎ ይወርዳል። ግን ሁለት ወር አይቆይም፤ ሙቅ ውሃና ሳሙና ይጠርገዋል። ሲላንት ዓመት ይከርማል። ብቻ እስኪደርቅ ለአሥራ ሁለት ሰዓት ያህል ውሃ እንዳይነካው፤ ከነካው ነጠብጣቡ እንደታተመ ይቀራል።»

«ይቺን መቼ ቀብተህ ጨረስክ?»

«ሐሙስ ስድስት ሰዓት ላይ። ከዚያ ወዲህ ከበረንዳው አልወጣችም።»

«ሰምስ ትጠቀማለህ?»

«እኔ? ሰም ከነካሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ!»

ኢንስፔክተሯ ሸራውን ገለጥ አድርጋ በመኪናዋ ኮፈን ላይ ጎንበስ አለች። ብዙ ቆየች። ቀና ስትል «ይቺ መኪና እስከ ነገ ከዚህ እንዳትነቃነቅ» ብላ ቁልፉን ይዛ ሄደች። በር ላይ አንድ ፖሊስ አቆመች።

ሐመልማል ንጹሕ ጨርቅ ልታመጣ ዕቃ ቤት ገባች። የጋሼ የሰም ቆርቆሮ መደርደሪያው ላይ ነው። ሰውዬው ሰም በወሰዱ ቁጥር ላዩን በአውራ ጣታቸው ደልድለው ይከድኑታል፤ ጎድጓዳው አቧራ ይይዛል ይሉ ነበር። ሐሙስ ጠዋት ደልድለውት ሲወጡ የከደነችው እሷ ናት። አሁን ስትከፍተው ሰሙ በአራት ጣት ተዝቋል።

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ተመለሰላት። ሐሙስ አሥራ አንድ ሰዓት ከቀበና ስትመለስ ነአምን በላብ ተጠምቆ ነበር፤ እጁ ማር ማር ይሸት ነበር። ሰም የሚንቀው ነአምን!

«ምን ትፈልጊያለሽ?»

ነአምን በሩ ላይ ቆሟል። ሐመልማል ክዳኑን መልሳ ገጠመች።

«ጨርቅ» አለች።

ነአምን ቆርቆሮውን አየ፣ እሷን አየ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልብ በይ፣ ሐመልማል። ማንም ያላየሽ አንቺ ነሽ። እኔን አላየሁትም ያልሽ ዕለት፣ እኔም አላየኋትም እላለሁ። ከዚያ ማን ያምንሻል?»

ቅዳሜ ጠዋት ኢንስፔክተሯ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸው፤ ነአምንን፣ ሐመልማልን፣ ከድርን፣ ከእንጦጦ የመጡትን ወይዘሮ አገርነሽን። ጥቁሯ መኪና እንደ መስታወት ታበራለች። ኢንስፔክተሯ አንድ ባልዲ ሙቅ ውሃና ፈሳሽ ሳሙና አስመጣች።

«መኪናዬን?» አለ ከድር።

«ታገሠኝ። እማማ አገርነሽ፣ ኮፈኑን ያሽትቱልኝ እስቲ።»

ወይዘሮ አገርነሽ አሸተቱ። «የንብ ሰም ነው። እንዴት ይጠፋኛል?»

«ሲላንት ብቻ ተቀባች የተባለች መኪና ሰም ሰም ስትሸት ገረመኝ» አለች ኢንስፔክተሯ። «ዓመት የሚቆይ ነገር ቀብቶ፣ ሁለት ወር የማይቆይ ነገር ከላይ የሚደርብ ማነው? የሚሸፍነው ነገር ያለው ሰው ነው።»

እጅጌዋን ሰብስባ ኮፈኑን በሳሙና አሸችው፣ በውሃ አለቀለቀችው፣ አደረቀችው። ከጥቁሩ ቀለም ላይ ነጣ ያሉ ክብ ክብ ነጠብጣቦች ብቅ አሉ፤ በመቶ የሚቆጠሩ።

«ይህ የዝናብ ጠብታ ነው። ሲላንቱ ሳይደርቅ ያረፈበት። ነአምን፣ ኮተቤ ጠብታ አልወረደም ያልከኝ ራስህ ነህ። ስለዚህ መኪናዋ ሐሙስ ከሰዓት ዝናብ ወዳለበት ወጥታለች። ሽማግሌውን በዚችው መኪና እንጦጦ ድረስ ተከትለህ ሄድክ፤ ተጣላችሁ፣ አነቅካቸው፣ ገፋሃቸው። ስትመለስ ነጠብጣቡን አየህ። ፍቀህ እንደገና እንዳትቀባ ባለቤቷ ጠዋት ይመጣል። የቀረህ የሟቹ ሰም ነው። እሳቸው እንዳሉት ከመጀመሪያው ሰም ቀብተሃት ቢሆን ኖሮ፣ ዝናቡ ምንም ምልክት አይተውብህም ነበር።»

ነአምን ሳቀ፤ ሳቁ ግን አፉ ላይ ደረቀ። «ቧንቧ ረጭቶባት ይሆናል። እኔ ከዚህ አልወጣሁም። ሐመልማልን ጠይቋት! ቀኑን ሙሉ አብረን ነበርን አላለችም?»

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። ሐመልማል የነአምንን ዓይን አየች። እውነቱን ብትናገር፣ በዚያ ሰዓት ምስክር የሌላት እሷም ናት። ዝም ብትል ደግሞ ከዚህ ሰው ጋር በየቀኑ አንድ ግቢ ልትውል ነው። ሁለቱም አስፈሯት። የጋሼ አውራ ጣት በሰሙ ላይ ሲሄድ ትዝ አላት።

«ዋሽቻለሁ» አለች። «አልነበርኩም። ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ቀበና ነበርኩ፤ ሌላ ቦታ ሥራ ልጠይቅ። ማንም አላየኝም። ስመለስ ነአምን ሰም ሰም ይሸት ነበር። በአራት ጣት የተዛቀው የሰም ቆርቆሮ አሁንም ዕቃ ቤት አለ። እኔንም እሰሩኝ ከፈለጋችሁ።»

ነአምን ወደ በሩ ተፈተለከ። በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ያዘው፤ ብዙም አልታገለም።

«አንቺን የማስርበት ምክንያት የለኝም» አለች ኢንስፔክተሯ፣ የረጠበ እጇን በሹራቧ እየጠረገች። «መኪና መንዳት እንደማትችዪ ትናንት ጠይቄ አውቄያለሁ። የጠበቅሁት ቃልሽን ነው።»

ወይዘሮ አገርነሽ ከነጠላቸው ሥር ከባድ ጥቅል አወጡ። «ሐመልማል አንቺ ነሽ? ሐሙስ ዕለት አቶ ሣህሌ የወትሮውን እጥፍ ሰም ነበር የጠየቁኝ። ‹ምን ሊያደርግልዎ ነው?› ብላቸው፣ ‹ግቢውን ለልጄ ለሐመልማል ላስረክባት ነው፤ ስትጀምር ሰም እንዳያልቅባት› አሉኝ። ግማሹ ከበዳቸውና ነገ እወስደዋለሁ ብለው ትተውት ሄዱ።»

ሐመልማል ጥቅሉን በሁለት እጇ ተቀበለች። እሳቸው ይህን ሲናገሩ፣ እሷ ቀበና የሰው በር ታንኳኳ ነበር። ከዓርብ ጀምሮ እምቢ ያላት እንባ ያን ጊዜ መጣ። መሬት ላይ ቁጭ ብላ፣ ሰሙን ታቅፋ አለቀሰች።