የተደገሙ ስሞች

ኮምፒዩተሩ እንደገና ደርቆ ቀረ። አረንጓዴዎቹ ፊደላት ባሉበት ቆመዋል፤ ከቆርቆሮው በር ወዲያ ደግሞ ከንጋት ጀምሮ የተሰለፈው ሰው ያጉረመርማል። ዓለምእሸት ጆሮዋን ወደ ማሽኑ አስጠግታ አዳመጠች። ዲስኬቱ ከውስጥ ክርር፣ ክርር ይላል። ገና እየፈለገ ነው ማለት ነው። አንድ ስም ፈልጎ እስኪያገኝ አንድ ዲያቆን አባታችን ሆይን ሁለት ጊዜ ደግሞ ይጨርሳል።

«በሽተኛው ዛሬስ ምን ነካው?» አለ አረጋ ከኋላዋ ቆሞ።

«አቧራ ገብቶበታል፣ ጋሼ። ዲስኬቱም ሞልቷል።»

በ1978 ዓ.ም. እነሱ እስከሚያውቁት ድረስ በላሊበላ አንድ ኮምፒዩተር ብቻ ነበር፤ እሱም ይኸው በሽተኛ ነው። የእርዳታ ድርጅቱ ፈረንጅ፣ ልጆቹ ጨዋታ ይጫወቱበት የነበረውን ከቤቱ ይዞት መጣና፣ እሱም ታሞ ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ የእርዳታ እህል ተቀባዮችን ለሚመዘግበው ለአረጋ ትቶለት ሄደ። አረጋ የደሴ ልጅ ነው፤ ቀጭን፣ ሲጋራ ከእጁ የማይለይ፣ ሲናደድ እንኳ ድምፁን የማያነሳ ሰው። ዓለምእሸትን ከስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች የመረጣት የእንግሊዝኛ ፊደል ሳትደናቀፍ ስለምታነብ ነው። ማሽኑ አማርኛ አያውቅም፤ የላስታ ሰው ስም ሁሉ በፈረንጅ ፊደል ተጽፎ ነው የሚገባለት። ለሥራዋ በወር ሃያ አምስት ኪሎ ስንዴና አንድ ጣሳ ዘይት ይሰጣታል። አባቷ ዘውገ ከሞተ ወዲህ እናቷ የሺሃረግና ሁለት ታናናሾቿ የሚበሉት ይህንኑ ነው።

ማሽኑን ትወደው ነበር፤ ምን ይደበቃል። ጠዋት ከመክፈቷ በፊት አቧራው እንዳይነሳ ወለሉ ላይ ውሃ ትረጫለች። በቁልፎቹ መሐል የገባውን አሸዋ በዶሮ ላባ ትጠርጋለች። ከክሊኒክ በልመና ባመጣችው አልኮል ጥጥ ነክራ የዲስኬት ማንበቢያውን ቀስ ብላ ታብሳለች። ሲግል ታሳርፈዋለች። ጄኔሬተሩ ማሳል ሲጀምር ደግሞ ነዳጁ ሳያልቅ የተጻፈውን ዲስኬቱ ላይ አስቀምጣ ማሽኑን ታጠፋዋለች፤ ድንገት ቀጥ ካለ የጻፉት ሁሉ ገደል ይገባል። ይህን ሁሉ አድርጋለትም በሽተኛው አልዳነም።

አርብ ከሰዓት በኋላ አረጋ መላ አገኘሁ አለ። የማሽኑ ችግር ሸክም ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት ሦስት ስም መያዝ ከአቅሙ በላይ ሆኖበታል። የራስ ስምና የአባት ስም ይበቃል፣ የአያት ይውጣ። አወጡት። ዝርዝሩ ሲቀል ግን ሌላ ጉድ ብቅ አለ። ስሙም፣ የአባቱም ስም፣ አጥቢያውም አንድ የሆነ መስመር እዚህም እዚያም ተደግሞ ተገኘ። ቢቆጥሩት ስልሳ አንድ ሆነ።

«ሸውደውናል» አለ አረጋ እየሳቀ። «ሁለቴ ተመዝግበው ሁለት ሁለት የእህል ካርድ አውጥተዋል።»

ያለ ምክንያት አልጠረጠረም። የራበው ሰው ሁለቴ ይመዘገባል፤ የዓለምእሸት እናት ራሷ አንድ ጊዜ ልታደርገው አስባ ቀበሌውን ፈርታ ነው የተወችው። ስለዚህ ዓለምእሸት ብዙም አልከበዳትም። ስልሳ አንዱን መስመር አንድ በአንድ ሰረዘች። ሌላ ደህና ዲስኬት ስላልነበራቸውም አዲሱን ዝርዝር በአሮጌው ላይ ጻፉበት።

ሰኞ ማሽኑ በረረ። ስም ጽፋ ገና እጇን ሳታነሳ መልሱ ከተፍ ይላል። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ሰልፉ ከግማሽ በታች ሆነ፤ ፀሐይ ላይ ሲንቃቁ የሚውሉ ሽማግሌዎች እህላቸውን በጊዜ ይዘው ሄዱ፤ አንዲት አሮጊት እጇን ይዘው መረቋት። የወረዳው ሹም ሳይቀር መጥቶ አየ። ስልሳ አንድ አጭበርባሪ መገኘቱን ሲሰማ የአረጋን ትከሻ ቸብ ቸብ አድርጎ፣ ሪፖርት ይጻፍልኝ ብሎ ሄደ። ዓለምእሸት አባቷ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አያውቅም።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት ሁለት ልጆች አስከትላ ቀረበች። ካርዷን በሁለት እጇ ዘረጋች። አመተ ሥላሴ ደርበው፣ ገነተ ማርያም። ማሽኑ ወዲያው መለሰ። አመተ ሥላሴ ደርበው ጠዋት ወስዳለች።

«ወስደዋል ይላል» አለች ዓለምእሸት።

«እኔ? አሁን ነው የደረስሁ፣ እናቴ። ኸገነተ ማርያም በእግሬ ነው የመጣሁ።» ሴትዮዋ አልጮኸችም። «እኔ የደርበው ውቤ ልጅ ነኝ። የወሰደችው ሌላ ናት።»

ዓለምእሸት ዞራ አረጋን አየችው።

«ማሽኑ ውቤን አያውቅም፣ እትዬ» አለ አረጋ። «ሁለት ካርድ ማውጣት ያስጠይቃል። ሳይብስ ይሂዱ።»

ዓለምእሸት ማሽኑን አምናዋለች፤ ያጸዳችውስ እሷ አይደለችም? ሴትዮዋ ካርዷን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች፣ ትንሹን ልጅ አዘለች፣ ትልቁን በእጇ ይዛ ወጣች። ቀጣዩ ሰው ቀረበ።

ሐሙስ፣ እህል በማይታደልበት ቀን፣ ትምህርት ቤት በእረፍት ሰዓት ዓለምእሸት ለጓደኛዋ ለአሰለች ስለ ስልሳ አንዶቹ ጉራዋን ስትነዛ፣ የሴትዮዋን ስም አነሳችላት። አሰለች የገነተ ማርያም ልጅ ናት፤ ላሊበላ ቤት ተከራይታ ነው የምትማረው።

«የትኛዋ አመተ ሥላሴ?» አለች አሰለች።

«የትኛዋ ማለት?»

«ሁለት ናቸው እኮ። አንዷ የደርበው ውቤ፣ አንዷ የደርበው ምስጋናው ልጅ። አጥራቸው አንድ ነው። ልጆች ሆነን ስማቸው ይምታታብን ነበር።»

ከእረፍት በኋላ መምህሩ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ምን እንደጻፉ ዓለምእሸት ዛሬም አታስታውሰውም።

ቅዳሜ በጠዋት ለእናቷ ቤተ ክርስቲያን እሳለማለሁ ብላ ወደ ገነተ ማርያም ወጣች። ሦስት ሰዓት ሙሉ ስትሄድ አንድ ነገር ብቻ ስታስብ ነበር። ሴትዮዋን ይዛት ትመለሳለች፤ ሰኞ ስሟን መልሳ ታስገባላታለች፤ ነገሩ ያበቃል። ግቢው ስትደርስ ሁለት ቤት ጎን ለጎን ቆሟል። የአንደኛው በር በእሾህ ተዘግቷል። ከሌላኛው አንዲት ቀይ ሴት ብቅ አለች።

አመተ ሥላሴ ደርበውን እንደምትፈልግ ስትነግራት፣ ሴትዮዋ እኔ ነኝ አለቻት። የደርበው ውቤን ልጅ ነው የፈለግሁት ስትላት ግን ዞራ የተዘጋውን በር አየች።

«እሷማ ሄደች። ሰኞ ባዶ እጇን ተመለሰች። በማግስቱ ለሰፈራ ተመዘገበች፤ ሐሙስ ከነልጆቿ ጫኗቸው። ኢሉባቦር ነው ያሉ። የት አገር እንደሆን እንጃ።»

ዓለምእሸት ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነገሩን ነገረቻት፤ ሁለቱ ስሞች እንደተምታቱ፣ አንዱ እንደተሰረዘ፣ ማሽኑ እንደተሳሳተ። «ማሽኑ» ነው ያለችው። «እኔ» የሚለው ቃል አልወጣ አላት።

«እንግዲያ በኔ ስም ነዋ የሄደች» አለች ሴትዮዋ ቀስ ብላ። «ያን ለት በጠዋት ባልቀድማት ኑሮ፣ እሷ ትወስድ ነበር።»

ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም ልትላት ፈለገች። የማን ነው ብላ ብትጠይቃትስ? ተነሥታ ሄደች። ያን ሁሉ መንገድ ስታለቅስ ነው የተመለሰችው።

ሰኞ ለአረጋ ሁሉንም ነገረችው። አረጋ በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋ። አልተቆጣም። ሌሎቹስ ስልሳዎቹ አላት፤ የትኛው አጭበርባሪ፣ የትኛው እውነተኛ እንደነበረ የሚነግረን አሮጌ ዝርዝር የታለ? እኛው ጻፍንበት። ወረዳው ደግሞ ይህን ስህተት ነው አይልም፤ አሻጥር ነው የሚለው። ደሴ ላይ ከዚህ ባነሰ ነገር እስር ቤት ገብተው ያልወጡ ሰዎች ያውቃል። የእሷም ስንዴ በዚያው ይቀራል።

«ደግሞስ ብንናገር ማን ይመልሳታል?» አለ። «ኢሉባቦር ድረስ ሄደሽ ታመጫታለሽ?»

እውነቱን ነበር። ዓለምእሸትን ከሁሉ የከፋት ይኸው ነው፤ ከተናገረው ውስጥ አንድም ሐሰት አልነበረም።

አረጋ ለወረዳው የሚላከውን ሪፖርት ጠረጴዛው ላይ አኖረላት። በእጅ ጽሑፍ የተጻፈ አንድ ገጽ ነው። «የተደገሙ ስሞች 61። ሁሉም ተረጋግጠው ተሰርዘዋል» ይላል። አረጋ ፈርሞበታል፤ ከፊርማው በታች ሥራውን ለሠራው ሰው የተተወ ባዶ ቦታ አለ። ብዕሩን አቀበላት።

ውጭ የሌላ አጥቢያ ሰዎች ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ቤት ውስጥ የቀረው ስንዴ ከአራት ቀን እንደማያልፍ ዓለምእሸት ጠዋት አይታ ነው የወጣችው። ታናናሾቿን አሰበች። ከዚያም «ተረጋግጠው» በሚለው ቃል ላይ አንድ መስመር አሰመረችና ከሥሩ ጻፈች።

«አመተ ሥላሴ ደርበው ውቤ የተደገሙ አይደሉም። ሳላረጋግጥ የሰረዝኳቸው እኔ ነኝ። ስለ ሌሎቹ ስልሳ አናውቅም።»

አረጋ ወረቀቱን ሊነጥቃት እጁን ዘርግቶ ነበር፤ ግን አየር ላይ ቀረ።

«ስምሽን እንኳ አትጻፊ» አለ።

ዓለምእሸት ዘውገ፣ ብላ ጻፈች። ብዕሩን አንስታ የጻፈችውን አየች። በከተማው ሌላ ዓለምእሸት ዘውገ ትኑር አትኑር አታውቅም። የአያቷን ስም፣ አለነን፣ ጨመረችበት።