ብርቄ፣ አፍሽን ዝጊ!

ልጆች፣ ጆሯችሁን ወዲህ አድርጉ። የብርቄንና የአባቷን ጉድ ስሙ።

የፍልሰታ ጾም ነው። ዛሬ ብርቄ ከአባቷ ከደጀኔ ጋር ልትቆርብ ነው።

«ልጄ፣ የሚቆርብ ሰው እስኪቆርብ ድረስ ምንም አይቀምስም። ውኃም ቢሆን!» አላት አባቷ።

«እሺ አባዬ! ካንተ ጋር፣ ጎን ለጎን ነው የምቆርበው!» ብላ በነጭ ቀሚሷ ዘለለች።

እሺ በማለትማ ማን ይችላታል! አፏ ግን ሥራ አይፈታም።

ገና ከበር ሳይወጡ የነጠላዋን ጫፍ ትጠባ ጀመር። ምጥጥ! ምጥጥ!

«ብርቄ! አፍሽን ዝጊ!»

«እም!» አለች ብርቄ። ከንፈሯን ገጠመች።

መንገድ ላይ ካፊያ ጣለ። ጠብ! ጠብ! ብርቄ ምላሷን ዘርግታ ጠበቀችው።

«ብርቄ! አፍሽን ዝጊ! ዝናብም ውኃ ነው!»

«እም!»

የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጋ ሲደርሱ ሣር ነቅላ ወደ አፏ ላከች።

«ኧረ በማርያም! የወለድኩት ልጅ ነው ወይስ ጥጃ? ብርቄ! አፍሽን ዝጊ!»

«እም!»

ገብተው ቆሙ። ቅዳሴው ረዘመ። ብርቄ አዛጋች። «ሃአአአ!»

አሁንስ ደጀኔን መረረው። ጎንበስ ብሎ አፉን በረገደው።

«ብርቄ! አፍሽን ዝ…»

ዝዝዝዝ… ጥልቅ!

ዝንብ! አፉ ውስጥ ገባች። ማን ክፈት አለው!

እህ! እህ! ቢያስል፣ ቢያስል፣ ወይ ፍንክች!

«አባዬ፣ ዋጥካት?»

«ዋጥኳት።»

«ታዲያ አትቆርብም?»

«ዝንብ የዋጠ ሰው አይቆርብም። ዛሬ አንቺ ብቻሽን ነሽ።»

የብርቄ ዓይን እንባ ሞላ። «እንግዲያው እኔም አልፈልግም! ካንተ ጋር ነው ያልኩት!»

ደጀኔ በዝንቧም፣ በራሱም ብግን ብሎ ነበር። እንባዋን ሲያይ ግን ተንበረከከ።

«እኔ ትንሽ ልጅ ሳለሁ፣ ስቆርብ አባቴ ከኋላዬ ቆሞ ትከሻዬን ያዘኝ። አልፈራሁም። እኔም እይዝሻለሁ።»

«አትለቀኝም?»

«አልለቅሽም።»

ብርቄ ቀስ ብላ ሄደች። የአባቷ ትልቅ እጅ ትከሻዋ ላይ ነበር።

ቄሱ ፊት ስትደርስ አፏን ከፈተች። አሁን ማንም ዝጊ አላላትም።

ሲመለሱ አባቷ አዘላት። ብርቄ አፏን በነጠላዋ ሸፍናለች።

«አባዬ…»

«ደግሞ ምን መጣ?»

«እሑድ አንተም ትቆርባለህ። እኔ አፍህን እጠብቅልሃለሁ።»

ደጀኔ ሊቆጣ ነበር። ሳቁ ቀደመው። እየሳቀ ቤቱ ደረሰ።

ብርቄ ግን ሳቁን አልሰማችም። አባቷ ጀርባ ላይ እንቅልፍ ወስዷታል።