የገብረ ኪዳን አልጋ

«ይኼ አልጋ ይውጣ» አሉ አያ ውበቴ የጠፍር አልጋውን እግር በከዘራቸው እየነኩ። «ሰው የማይተኛበት አልጋ ገዢ ፊት ብዙ ያስጠይቃል።»

ሰብለ ወንጌል እናቷን አየች። ፈንታነሽ መደቡ ላይ ተቀምጣ በደከመ ዓይኗ ወደ በሩ ብርሃን ታያለች።

አያ ውበቴ ደላላ ናቸው። ቢቸና ውስጥ ግን እንዲያ ብሎ የሚጠራቸው የለም። «ደላላ በዚህ ዘመን አድኃሪ ነው። እኔ አስማሚ ነኝ» ይላሉ። ግድግዳውን በነጭ አፈር አስለቅልቀዋል፤ የጎረቤታቸውን የሀብትነሽን ላም አስመጥተው ግቢው ውስጥ አስረዋል። «ሰው ቤት አይደለም የሚገዛ፤ ኑሮ ነው የሚገዛ።» ገዢዋንም የቀጠሯት ለጧት ነው። ከሰዓት በኋላ ቤቱ ይጨልማል።

አልጋው የገብረ ኪዳን ነው። የሰብለ ወንድም ለብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ወሬው ከጠፋም ቆይቷል። መጀመሪያ ሰሞን ሰብለ ታለቅስ ነበር። አሁን ስሙ ሲጠራ የሌላ ሰው ስም የሰማች ይመስላታል።

እናቷ ዓይኗ ከደከመ ወዲህ ጠላ መጥመቁን ትታዋለች። ሞጣ ያለችው አክስቷ «ኑና አብረን እንኑር» ብላለች። ቤቱን አከራይቶ መሄድ ክልክል ነው፤ ዘግተውት ቢሄዱ ቀበሌ ይወስደዋል። ያለው መንገድ መሸጥ ብቻ ነው።

«ቤቱ በሟቹ በአባትሽ ስም ነው» አሉ አያ ውበቴ። «ወንድ ልጅ አለ ከተባለ ‹ይምጣና ይፈርም› ይባላል። ከየት ይመጣል? ገዢዋ የሰው አገር ሰው ናት፤ አታውቅም። ከአንቺ በቀር ልጅ የለም በሉ። የአገሩን ሽማግሌ ለእኔ ተዉት፤ ለእናትሽ አዝነው ዝም ይላሉ።»

«የመጣ እንደሆነስ?»

አያ ውበቴ ከዘራቸውን አዩ። «የመጣ እንደሆነ እኔው ራሴ ሞጣ ድረስ አደርሰዋለሁ።»

ሰብለ አልጋውን ከእሳቸው ጋር ይዛ ሀብትነሽ ቤት አደረሰችው።

በማግስቱ ገዢዋ መጣች። ይርጋነሽ ትባላለች፤ ከወሎ የተመደበች ጤና ረዳት ናት። ግድግዳውን አንኳኳች፤ ቀና ብላ ቆርቆሮውን አየች።

«ላሟም አብራ ነው የምትሸጠው?» ብላ ሳቀች።

አያ ውበቴ ሳል ያዛቸው።

ይርጋነሽ ወደ ጓዳው ልታልፍ ስትል ቆም አለች። በእበት የተለቀለቀው ወለል ላይ አራት ትንንሽ ጎድጓዶች አሉ።

«እዚህ አልጋ ነበር? የማን ነው?»

«የማንም» አለች ፈንታነሽ።

ሰብለ ልቧ እስኪደነግጥ ጠበቀች። አልደነገጠም። እናቷ የተናገረችው ስለ ጨው ወይም ስለ እንጨት የሆነ ያህል ነበር። ይልቅ ያስፈራት ይኼው ምንም የማይሰማት መሆኑ ነው።

ይርጋነሽ ወደ እሷ ዞረች። «አንቺስ እህቴ? ነገ መጥቶ የአባቴ ቤት ነው፣ ውጪ የሚለኝ ወንድም የለሽም?»

አያ ውበቴ «የለኝም በይ» እንደማለት አንገታቸውን ቀስ አድርገው ነቀነቁ።

«አለኝ» አለች ሰብለ። «ገብረ ኪዳን ይባላል። ዘማች ነው።»

«የት ነው ያለው?»

«አናውቅም።»

ይርጋነሽ ጎድጓዶቹን ደግማ አየች። «እግዜር ያግባላችሁ። እንግዲህ… ላስብበት» ብላ ወጣች።

«አይ አንቺ ልጅ! ከአፌ ላይ ነጠቅሽኝ እኮ!» አሉ አያ ውበቴ። «እንዲህ ያለ ገዢ ደግሞ ከየት ይገኛል?»

ፈንታነሽ ልጇን አልተቆጣችም። «አልጋው ደጅ ነው ያስቀመጣችሁት?» አለች። «ዝናብ እንዳይመታው።»

አያ ውበቴ የላሟን ገመድ ፈትተው ወደ ሀብትነሽ ቤት ይመልሷት ጀመር። ሰብለ ከኋላ ተከተለች። ላሟን ካሰሩ በኋላ ሽማግሌው አልጋውን ሊመልሱት በአንድ በኩል ያዙና ቆሙ።

«ሌላ ገዢ የመጣ እንደሆነ ምን ልንል ነው?»

«የገብረ ኪዳን ነው እንላለና» አለችና በእሷ በኩል ያለውን ጫፍ አነሳች።